ኡሙልኸይርና ጥሪ የሚያውቀው ሞንታርቦ

ኡሙልኸይርን ቂመኛ ናት የሚሉ አሉ። እኔም እላታለሁ። ልዩነቱ እነሱ የሚሏት ለመንቀፍ ነው፤ እኔ የምላት ለማድነቅ ነው። ቆቦ ውስጥ ይቅር ባይ ሞልቷል። የደረሰብንን ሁሉ ይቅር ስንል ኖረን ያተረፍነው ደፋር ብቻ ነው። አንዲት ሴት ተነስታ ልክ ብታስገባ ከተማው ምን ይጎድልበታል?

ሱቋ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ከእኔ የልብስ ስፌት ቤት ጋር የሚለየን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት እኔ ነኝ። ስልክ ትጠግናለች፣ ሬዲዮና ስፒከር ትፈታለች፣ ሚሞሪ ላይ መንዙማም ዘፈንም ትጭናለች። ረጅምና ቀጭን ናት። ብዙ አታወራም። ሰው ሲያስቀይማት ደግሞ ጭራሽ ዝም ትላለች፤ የማያውቃት ሰው የተረሳለት መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል።

አባቷ ግመል ነጋዴ ነበሩ። ከዞብል ተራራ ማዶ ወደ አፋር ምድር እየወረዱ ይነግዱ ነበር፤ እሷንም በልጅነቷ ይዘዋት ወርደዋል። ከዚያ ያመጣችው ትልቁ ነገር ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ሰላምታ ብቻ ተሰጣጥተው አይተላለፉም። አረፍ ይሉና አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይናገራል። መጀመሪያ በዓይኑ ያየውን፣ ቀጥሎ ከሰው የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው ጭምር። የታየው ከተሰማው ጋር አይቀላቀልም። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ ውሃ ወዴት እንዳለ ቢናገር እንኳ የሚያምነው የለም። «አባቴ ቋንቋቸውን በደንብ አይችልም ነበር» ትለኛለች፤ «የዳጉን ሥርዓት ግን ያውቃል። አገሩን ሁሉ ያሻገረው እሱ ነው።»

የስልክ ሥራ የጀመረችው ጎብዬ ገበያ ላይ ነው። በሶላር ስልክ ቻርጅ ታደርግ ነበር። ገበሬው ስልኩን ትቶላት ገበያውን ሲዞር፣ አልሠራም ያለውን ስልክ ባለቤቱን አስፈቅዳ ትከፍታለች። መክፈት ቀላል ነበር፤ መግጠሙ ነው ያስቸገራት። ከእነዚያ የመጀመሪያ ደንበኞቿ አንዳንዶቹን ስታይ እስከ ዛሬ መንገድ ትቀይራለች።

አንድ ቀን የሮቢት ገበሬ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ገባ። ጆሮ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ማዳመጫ ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረ።

«ሌባ ነው የሸጠልኝ!» አለ። «ከስልኬ ጋር ተገናኝቷል ይላል። ሲደወልልኝ እሰማበታለሁ። መንዙማ ስከፍት ግን እሱ ጭጭ፣ ድምፁ ከስልኩ ነው የሚወጣው። ምኑን ነው የተገናኙት?»

እኔ በግድግዳው ቀዳዳ እያየሁ ነበር። ማየት መብቴ ነው፤ ቀዳዳው በእኔ በኩል ነው።

«አልተበላሸም አባቴ» አለችው። «መተዋወቅ ሌላ፣ አብሮ መሥራት ሌላ ነው። ብሉቱዝ ያለው ዕቃ ሁሉ የሚያውቃቸው ሥራዎች አሉት። እያንዳንዱ ሥራ ፕሮፋይል ይባላል። ሙዚቃ ለማጫወት አንድ አለ፣ ጥሪ ለመቀበል ሌላ አለ፣ ፎቶና ፋይል ለመላላክ ሌላ አለ፣ ለመጻፊያ ሰሌዳም የራሱ አለው። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ለሁሉም አንድ ሆኖ የተደነገገ ነው፤ ስልኩን አንዱ ፋብሪካ ይሥራው፣ ማዳመጫውን ሌላ፣ ያንን ሥርዓት እስከያዙ ድረስ ተያይተው ባያውቁም ይግባባሉ። ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ‹አንተ ምን ታውቃለህ?› ብለው ነው። ሁለቱም የሚያውቁትን አብረው ይሠራሉ። አንዱ የማያውቀው ሲሆን ያ ሥራ ይቀራል። ይህ ያንተው ጥሪ ያውቃል፣ ሙዚቃ አያውቅም።»

«ታዲያ አስተምሪልኝ።»

«ሲሠራ ያልተሰጠውን እኔ ከየት አምጥቼ ልስጠው?»

ሰውዬው ማዳመጫውን አነሳና እንደ በደለኛ ልጅ ገላምጦት ኪሱ ከተተው። እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ እንደማያት እያወቀች፣ «ዳጉ'ኮ ነው ወለላ» አለችኝ። «ሥርዓቱን የሚያውቅ ከማያውቀው ሰው ጋር ይነጋገራል። ሌላ ምንም ምስጢር የለውም።»

ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመበት በዚያ ክፉ ጊዜ ከተማውን ያገናኘችው እሷ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የዘመድ ፎቶ፣ በድምፅ የተቀዳ መልእክት፣ «ደህና ነን» የሚል ቃል፣ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ እየተቀባበለ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ይደርስ ነበር። ስልኮቹ የተለያየ ዓይነት ነበሩ፤ ፋይል መላላኩን ግን ሁሉም ያውቁት ነበር። የመጣላትን ስታቀብል ሁልጊዜ ትጠይቃለች፦ «ይህን በዓይኑ ያየ ነው የላከው ወይስ የሰማ?» የሰማ ከሆነ አታስተላልፍም። ሰዎች ይህችማ ታካብዳለች እያሉ ያሟት ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

ኡሙልኸይር አንዲት እህት አለቻት፤ ሀናን። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገቻት እሷ ናት። ሀናን ሂና ሠሪ ነበረች። እጇ ላይ አላህ ያስቀመጠውን ነገር እንጃ፤ የሙሽራ መዳፍ ላይ የምትስለው ሐረግ የሚተነፍስ ይመስላል። ከአላማጣ ሳይቀር ይጠሯት ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ሙሽራ የሚነካ እጅ የማንም እጅ አይደለም። ስሟ ንጹሕ የሆነች፣ ምርቃት ያላት ልጅ ናት የምትፈለገው።

ይህችን ልጅ ነው ኸይረዲን ያጨው። ኸይረዲን ሽንኩርት እያስጫነ የሚኖር፣ መልኩ የሚያምር፣ ስልክ በየጊዜው የሚቀያይርና ስክሪኑን ሰው ካላየለት የሚያመው ጎረምሳ ነው። ሽማግሌ ልኮ፣ ተመርቆ፣ ቀን ሊቆረጥ ሲል ዓይኑ ዋጃ ሄደ። ዋጃ ያየው ቤተሰብ መኪና ያለው ነበር። ያለ ምክንያት እጮኛውን የተወ ወንድ ደግሞ በእኛ ዘንድ ሌላ ልጅ አያገኝም፤ ሽማግሌ አይሄድለትም። ስለዚህ ምክንያት አስፈለገው። ምክንያት ደግሞ ከሴት ልጅ ስም የበለጠ ርካሽ የትም አይገኝም።

ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። የዳኙት አባ አራጌ ናቸው፤ በቆላው ሁሉ የተከበሩ፣ በጉብዝናቸው እሳቸውም እንደ ኡሙ አባት ግመል የነዱ ሰው። ኸይረዲን ምስክር አለኝ ብሎ ጓደኛውን አንዷለምን አቆመ። አባ አራጌ «ሀናን ሮቢት ላይ ከአንድ ሹፌር ጋር ከአልጋ ቤት ስትወጣ ታይታለች ወይ?» አሉት። አንዷለም መሬት መሬት እያየ «አዎ» አለ። አለቀ። አንዲት ቃል። እኔ ቀሚስ ለመስፋት እንኳ ከዚያ የበለጠ እጠይቃለሁ።

ኡሙልኸይር በር ላይ ከቆሙት ሴቶች መሐል ወጣችና «አንድ ነገር ልጠይቀው» አለች። ልትጠይቀው የፈለገችው የአባቷን ጥያቄ ነበር፦ በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ? አባ አራጌ እጃቸውን አነሱ።

«ተቀመጪ» አሏት። «ሴት የሽማግሌ ነገር አታቋርጥም። ተቀመጪ።»

የምትቀመጥበት ወንበር እንኳ አልነበረም። ሴቶች የቆሙበት አፈር ነው። ሰው ሁሉ እያያት አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ኸይረዲን ነጻ ወጣ፣ ሀናን ተበላሸች ተባለ።

ከዚያ በኋላ ሀናንን ለሂና የጠራት ሙሽራ የለም። ጓደኞቿ መንገድ ላይ ሲያገኟት ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ። ቤት ዋለች። ሂናውን በጥብጣ የራሷን እግር ትቀባና ሳይደርቅ ታጥበዋለች። ኡሙልኸይር ይህን እያየች ምንም አላለችም። እኔ ነኝ የተሳደብኩት፣ የተራገምኩት። «አንቺ ምንም አይሰማሽም?» እስከማለት ደረስኩ። ቀና ብላ አየችኝና «ይሰማኛል» አለች፣ ከዚያ የያዘችውን ስልክ መጠገን ቀጠለች።

ቆይቶ ጌታሁን ሞንታርቦውን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ጌታሁን ለሰርግ ድንኳንና ሞንታርቦ የሚያከራይ፣ ማንንም የማይጎዳ ምስኪን ነው።

«ኡሙ፣ ብሉቱዙ ሞቷል» አላት። «ለሰርግ ነው የምፈልገው፤ ድረሽልኝ።»

«የማን ሰርግ?»

ጌታሁን ጫማውን አየ። «እ... የኸይረዲን። የዋጃይቱን ሊያገባ አይደል። እንግዲህ ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ።»

በግድግዳው ቀዳዳ ፊቷን አየሁት። አልተለወጠም። «ተወው፣ ይደርስልሃል» አለችው፣ ሻይም አዘዘችለት። ያኔ ነው አንድ ነገር እንዳሰበች የገባኝ።

ጌታሁን ሲሄድ ጠራችኝ። ሞንታርቦውን ከኋላው ፈታ ውስጡን አሳየችኝ። የሞተችው የብሉቱዝ ቦርድ የእጅ መዳፍ አታክልም። «ይቺ ሙዚቃ ብቻ ነበር የምታውቀው» አለች። «ጥሪ ሲመጣ ምንም አይገባትም፤ ጥሪው ስልኩ ላይ ይቀራል።» ከመሳቢያዋ ሌላ ቦርድ አወጣች። ጥግ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የምታህል ማይክሮፎን አለቻት። «ይቺ ግን ሙዚቃም ጥሪም ታውቃለች። የእሱ ስልክም ሁለቱንም ያውቃል። ሲገናኙ በሁለቱም ይስማማሉ፤ ማንንም አያስፈቅዱም። እሱ ዘፈን ብቻ የሚያጫውት ይመስለዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እደውልለታለሁ። ካነሳው ድምፄ በጆሮው አይደለም የሚገባው፤ በዚህ ነው የሚወጣው። ድንኳኑ ውስጥ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት። ‹ተቀመጪ› የሚለኝ የለም። የዚያን ቀን ያልጠየቅሁትን እጠይቃለሁ።»

ሳቅሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ከሠርጌ ቀን ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ለማይክሮፎኗ በሞንታርቦው ፊት ቀዳዳ ስትበሳላት ሞንታርቦውን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ለሀናን ግን አልነገርናትም።

የሰርጉ ዕለት እኔ ተጠርቻለሁ፤ የኸይረዲንን እናት ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነበርኩ። ጥለቱን በጣም አሳምሬላቸዋለሁ፤ ለቀብር የምሰፋውንም አሳምራለሁ። ድንኳኑ የተተከለው ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከሱቃችን ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹ ምሳ በልተው፣ መርቀው፣ ሙሽራዋን ለማምጣት ከኸይረዲን ጋር ወደ ዋጃ ሊነሱ ነው። አባ አራጌ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሞንታርቦው በቀኛቸው፣ ከድንኳኑ ጨርቅ ተጠግቶ ቆሟል። አንዷለም ሙሽራዋ የምትሳፈርበትን መኪና ሊያመጣ ሮቢት ሄዷል።

ጌታሁን በራሱ ስልክ ዘፈን ሊከፍት ሲል ኸይረዲን ተነሳ። እንደሚነሳ አውቀን ነበር። «ተወው፣ የእኔ ይሻላል፣ አዲስ ነው» ብሎ ያንን የሚያብረቀርቅ ስልኩን ለሰው እያሳየ ነካካው። ሞንታርቦው ጢው አለና ተያያዙ። የራያ ዘፈን ድንኳኑን ናጠው። እኔ ሽንት ቤት የምሄድ መስዬ ለኡሙልኸይር ሚስኮል አደረግሁላት።

ብዙም ሳይቆይ ዘፈኑ ቆመና ሞንታርቦው የስልክ ጥሪ ጮኸ። ሰው ሳቀ። ኸይረዲን ስልኩን አየ። ቁጥሯ እስካሁን አለው፣ አማች ልትሆን ነበራ። ፊቱ አመድ ነፋበት። ዘጋው። ዘፈኑ ተመለሰ። እንደገና ጮኸ። እንደገና ዘጋው። ሦስተኛ ጊዜ አልተደወለም።

ልቤ ተቃጠለ። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የደከምነው? አልመልስም ያለን ሰው ምን ታደርገዋለህ? እሷ ሱቋ ውስጥ ስልኳን ይዛ ቆማ እንደምትቀር ታየኝ። ከበግ ሥጋው የቆረስኩትን ወደ ሳህኑ መለስኩት።

ኸይረዲን ግን አልተረጋጋም። የበደልከው ሰው በሰርግህ ቀን ደጋግሞ ሲደውል ሌላ ምን ታስባለህ፤ አንዷለም አምልጦት ነግሯታል ብሎ ጠረጠረ። ከድንኳኑ ወጣ። ግቢው ውስጥ ሰው የሌለበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከሞንታርቦው ጀርባ፣ ከጨርቁ ማዶ። እዚያ ሆኖ አንዷለም ጋ ደወለ።

ዘፈኑ ተቋረጠ። ሞንታርቦው የሚደወልበትን ስልክ ጥሪ ያሰማ ጀመር። ጌታሁን «ኧረ ይሄ ነገር ምን ሆነ» እያለ ቁልፍ ይነካካል። ማዶው «ሃሎ» ሲል ድምፁ ድንኳኑን ሞላው። ኸይረዲን ከድንኳኑ የሚወጣው የሰርጉ ጫጫታ መስሎታል፤ በጆሮው የለጠፈው ስልክ ግን ዝም ብሎታል። እኛ አገር ስልክ ዝም ሲል የሚጠረጠረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኔትወርክ ነው ብሎ ጆሮውን ይበልጥ ለጥፎ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ፤ ድምፁ ጨርቁን አልፎ ገባ፤ የሞንታርቦው ማይክሮፎንም ቀለበችው።

«አንዷለም! ትሰማለህ? ስለ ሀናን ለኡሙ ነግረሃታል ወይ? እየደወለች ነው'ኮ!»

ሞንታርቦውም መለሰለት፤ የአንዷለም ድምፅ፣ ከተራራ የሚወርድ ያህል ገዝፎ፦ «ምን ብዬ ነው የምነግራት? ልጅቷን አላየኋትም፣ ኸይረዲን በል ብሎኝ ነው ልበላት? ምን ነካህ?»

ድንኳኑ ውስጥ ትንፋሽ ጠፋ። ከጨርቁ ማዶም ጠፋ፤ አሁን እሱም ሰምቶታል። ስልኩን መዝጋት ይበቃው ነበር። ድምፁ የሚወጣው ከሞንታርቦው ነውና ሞንታርቦውን ላጥፋ ብሎ፣ ስልኩን ከፍቶ እንደያዘ፣ ወደ ድንኳኑ ሮጦ ገባ። እዚያ የጠበቀው የአባ አራጌ ከዘራ ነው። ደረቱ ላይ አሳርፈውት «ቁም!» አሉት። ሁለት ጎልማሶች ተነስተው ክንዱን ያዙት።

«ሃሎ?» አለ ሞንታርቦው። «ኸይሩ፣ ምንድነው ጫጫታው? ትሰማኛለህ?»

አባ አራጌ ወደ ሞንታርቦው ጎንበስ አሉ።

«እንሰማሃለን» አሉ።

ከማዶ መኪና ሲያልፍ ይሰማል።

«እኔ አራጌ ነኝ ልጄ። አትዝጋው። ያን ጊዜ ሳልጠይቅህ የቀረሁት ነገር አለ። ሀናንን ሮቢት ላይ በዓይንህ አይተሃታል ወይስ ሰምተህ ነው?»

የዳጉን ጥያቄ ነው የጠየቁት፣ የእሷን ጥያቄ። ያውቁት ነበራ አባ አራጌ! ግመል ሲነዱ ኖረው፣ ዳጉ ሲቀመጡ ኖረው፣ የአንዲት ልጅ ስም ሲመጣ ነው የረሱት! አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት፤ ሞንታርቦው ሲናገር እኔ ልናገር አልፈለግሁም።

«...አላየሁም አባ» አለ አንዷለም። ድምፁ ተሰባብሯል። «አልሰማሁምም። ኸይረዲን በል አለኝ፣ አልኩ። ልጅቷ ምንም የለባትም።»

ሞንታርቦ ለድንኳን ብቻ አያሰማም። መንገድ ላይ ያለ ሰማ፣ መናኸሪያው ሰማ፣ ባጃጅ ሹፌሮች ሞተር አጥፍተው ሰሙ። ኡሙልኸይር ሱቋ በር ላይ ቆማ ሰማች። የነገረችኝ በኋላ ነው፤ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ሱቁን ሳትዘጋ ወደ ቤት ሮጠች። ሀናን በሩ ላይ ቆማለች፤ እሷም ሰምታለች። ኡሙ ናት ያለቀሰችው፤ ስታባብላት የነበረችው እህቷ ናት።

አባ አራጌ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ሌሎቹም ተነሱ። ሰው ወደ ዋጃ የሚሄዱ መስሎት መንገድ ለቀቀላቸው፤ እነሱ ግን ወደየቤታቸው ሄዱ። ያለ ሽማግሌ ሙሽራ አይመጣም። የበሰለው ሥጋ ቀረ። የኸይረዲን እናት በዚያ እኔ በሰፋሁት ቀሚስ ፊታቸውን ሸፍነው ተቀመጡ። አዘንኩላቸው ልላችሁ እችል ነበር።

ከሰነበቱ በኋላ ሽማግሌዎቹ ወደ ኡሙልኸይር ቤት መጡ። አባ አራጌ ከፊት ናቸው። እኔም ነበርኩ፤ ያለ እኔማ አይሆንም። ምንጣፍ ተነጥፎላቸው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው የተናገሩትን ብትሰሙ አታምኑም።

«ጥፋት ተፈጽሟል» አሉ። «ልጁም ተጸጽቷል። የተሰበረውን ለመጠገን መጥተናል። ሀናንን አሁን ያግባትና ነገሩ ይሸፈን።»

ይሸፈን! ምንጣፉን ከሥራቸው ልስበው ምንም አልቀረኝም። ኡሙልኸይር እጄን ያዘችኝና ወደ እህቷ አየች። «የእሷ ነገር ነው» አለች። «እሷን ጠይቋት።»

ሀናን ቀስ ብላ ተነሳች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽማግሌ ፊት ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው።

«አባባ፣ ስሜ የተጣለው በሰው ፊት ነው» አለች። «ቤት ውስጥ አይነሳም። ባል አልለመንኳችሁም። በገበያ ቀን፣ ገበያው መሐል፣ በዚያው ሞንታርቦ ይናገሩልኝ። እሱም አጠገብዎ ይቁም። ሌላ የምፈልገው የለኝም።»

አባ አራጌ ሌሎቹን ሽማግሌዎች አዩ። ሽማግሌ ገበያ ላይ ቆሞ ተሳሳትኩ ሲል በእኛ አገር አልታየም። ግን የሰሙት ነገር በጆሮአቸው ነው፤ ወዴትስ ይሄዳሉ። «እሺ» አሉ።

ጌታሁን ሞንታርቦውን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ቀደም ብሎ የኸይረዲንን ስልክ ከቦርዷ ላይ እንድትሰርዝለት ለምኗት ነበር፤ አንድ ጊዜ የተዋወቁ ዕቃዎች አይረሳሱምና በሌላ ሰርግ ጉድ እንዳይፈላበት ፈርቶ። «ከገበያው በኋላ» ብላዋለች። ገበያው ጢም ብሏል፤ ማሽላ ሻጩ፣ ፍየል የያዘው፣ ከአፋር የመጡ ግመል ነጂዎች፣ ሂና ያሠሩ የነበሩ እናቶች። ኸይረዲን አንገቱን ደፍቶ ከጋሪው አጠገብ ቆሟል። ኡሙልኸይር ሞንታርቦውን ስታበራው ያ ጉደኛ ስልኩን ፈልጎ ያዘና ጢው አለ። ኸይረዲን ኪሱን በሁለት እጁ አፈነ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ሳትስቅ ግንኙነቱን አቋረጠችና የሞንታርቦውን የእጅ ማይክ ለአባ አራጌ ሰጠቻቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ በደንብ ተናገሩ። እንደ ዳጉ አድርገው ነው የተናገሩት። «እኔ አራጌ በዓይኔ ያየሁት የሀናን ነውር የለም» አሉ። «በጆሮዬ የሰማሁት፣ ምስክሩ አላየሁም ሲል ነው። ሐሰት ነበር። ታላቅ እህቷ ልትጠይቅ ስትነሳ ተቀመጪ ያልኳት እኔ ነኝ።» ከሴቶቹ መሐል እልልታ ተነሳ። ሀናን ከጎኔ ናት። አንዲት እናት ከኋላ ገፋ አድርጋ መጥታ «የእኔ ልጅ ለሚመጣው ወር ናት፣ ትመጪልኛለሽ?» አለቻት።

እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት። አባ አራጌ ማይኩን አልለቀቁም። «እንግዲህ» አሉ፣ ድምፃቸው ወደ ሽማግሌ ድምፅ ተመልሶ፣ «ወጣት ይሳሳታል። ይህም ልጅ ልጃችን ነው። ሴቶችም ቂም መያዝ ደግ አይደለምና...»

ኡሙልኸይር ተጠጋች። ማይኩን ከእጃቸው ላይ በሁለት እጇ፣ በአክብሮት፣ ወሰደች። ገበያው ሁሉ ያያል። ወደ አፏ አስጠጋችው።

«አባ አራጌ፣ ይበቃል» አለች። «ይቀመጡ።»

አባ አራጌ ግራ ቀኝ አዩ። ወንበር የለም። ጌታሁን ሊያመጣ ሲል አታምጣ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔን ያዘዘችኝ እሷ ናት። ከዘራቸውን ተደግፈው ዝቅ አሉና አፈሩ ላይ ተቀመጡ።